በጫጫታ መካከል ቃልን ለይቶ ስለሚጽፍ መኪና

(በሬዲዮ ከተሰማው ሳምንታዊ ንግግር የተወሰደ)



ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ መንገድ የተጓዘ ሰው ደጋንን ያውቃታል። አውራው መንገድ በከተማዪቱ መካከል ስለሚያልፍ፣ የጭነት መኪናው ጩኸት፣ የባጃጁ ጥሩምባ፣ የወፍጮው ጕርምርምታና የሻይ ቤቱ ብርጭቆ ኳኳታ ከመንገደኛው ጨዋታ ጋራ ተደባልቆ ይሰማል። በተለይም የባቲ ገበያ በሚቆምበት በሰኞ ዕለት ገበያተኛውና ተሽከርካሪው ስለሚበዛ፣ ሁለት ሰዎች ጐን ለጐን ቆመው ሲነጋገሩ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ግድ ይሆንባቸዋል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ስለ ሽምግልና ለሚሰናዳ የሬዲዮ ንግግር የአንድ አዛውንት ቃል ለመቅዳት ወደዚያች ከተማ ሄጄ ነበር። አዛውንቱ በመንገድ ዳር ካለ አንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው፣ በሁለት ጐረቤታሞች መካከል ስለ ወሰን ተነሥቶ የነበረው ጠብ በምን አኳኋን እንደ በረደ አጫወቱኝ። እኔም መቅጃውን ከፊታቸው አኑሬ አዳመጥሁ። ወደ መሥሪያ ቤቴ ተመልሼ ከባልደረባዬ ጋራ ቃላቸውን ወደ ጽሑፍ ስናዛውር ግን በአንዲት ዐረፍተ ነገር ላይ ተከራከርን። እኔ «ሰውዬው ማታ ነው መጥቶ የሄደው» ብዬ ስጽፍ፣ ባልደረባዬ «ሰውዬው ማታ ነው መትቶ የሄደው» ብሎ ጻፈ። በዚያች ቅጽበት አንድ ከባድ መኪና በአጠገባችን አልፎ ኖሮ ቃሉ በሞተሩ ድምፅ ተሸፍኖአል።

በ«መጥቶ» እና በ«መትቶ» መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ፊደል ልዩነት ብቻ ነው። እንዲያውም በፈጣን ንግግር ጊዜ ሁለቱ ቃላት ለጆሮ እጅግ ይቀራረባሉ። በሰዎቹ ኑሮ ላይ የሚያስከትሉት ነገር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ የመጀመሪያው ጐረቤት ጐረቤቱን መጠየቁን ሲያመለክት፣ ሁለተኛው ግን ወንጀል መፈጸሙን ይናገራል። እርቅ የወረደበትን ነገር እኛ በስሕተት «መትቶ» ብለን ብናሰማው፣ የበረደውን ጠብ እንደ ገና ልንቀሰቅሰው እንችል ነበር። ክርክራችን በመጨረሻ እንዴት እንደ ተፈታ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ለጊዜው ግን ነገሩ ወደ አንድ ትልቅ ጥያቄ ያደርሰናል። አማርኛን በእናታቸው ጭን ላይ የተማሩ ሁለት ሰዎች በአንዲት ቃል እንዲህ ከተጋጩ፣ ንግግርን ሰምቶ በራሱ የሚጽፈው አዲሱ መኪና በዚህ ዓይነቱ ጫጫታ መካከል ምን ይጽፍ ይሆን?

ይህ ጥያቄ የሊቃውንት ብቻ ጥያቄ አይደለም። በመሥሪያ ቤታችን ቃለ ጉባኤ የምንይዝ፣ የባለጉዳይን አቤቱታ የምንቀበል፣ የምስክርን ቃል የምንመዘግብ ሁላችን የምንጠየቅበት ጉዳይ ነው። በአገራችን ብዙ ሰው ጉዳዩን በጽሑፍ ሳይሆን በአንደበቱ ያስረዳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ አማካይነት የተጀመረው የ8028 የስልክ አገልግሎት፣ ገበሬው በስልኩ ላይ ቁጥር እየተጫነ የእርሻ ምክር እንዲያዳምጥ ያደረገው ይህንኑ በመረዳት ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ነገር ግን ቁጥር መጫን ጥያቄን በራስ አንደበት እንደ ማቅረብ ያለ አይደለም። የቃሉ ገበሬ በማሳው ዳር ቆሞ «በማሽላዬ ላይ ይህን የመሰለ ትል ወጣብኝ» ብሎ ቢጠይቅና መኪናው ቃሉን በትክክል ቢረዳው፣ ፊደል ያልቈጠረው ሰው ፊደል ከቈጠረው ጋራ እኩል ባለጉዳይ ይሆናል። በትክክል ባይረዳው ግን ያልጠየቀውን ነገር ይመልስለታል።

አሁን እንግዲህ ጸሐፊው መኪና እንዴት እንደሚሰማ ባጭሩ እንመልከት። ድምፅ በአየር ላይ የሚሄድ ሞገድ ነው። ማይክሮፎኑ ይህን ሞገድ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ኮምፒውተሩም ከፍታውንና ዝቅታውን እየለካ በቁጥር ይጽፈዋል። ለዚህ ሥራ በተለመደው አሠራር ልኬቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 16,000 ጊዜ ይካሄዳል። ከዚያም የቁጥሩ ሰልፍ እያንዳንዱ የሰከንድ ሃያ አምስት ሺኛ ያህል ወደሚሆን ቁራሽ ይከፈላል። በየቁራሹም ውስጥ ወፍራሙ ድምፅ ምን ያህል፣ ቀጭኑ ድምፅ ምን ያህል ኀይል እንዳለው ይመረመራል። ይህም ልክ አንድ የሙዚቃ ዐዋቂ የብዙ መሣሪያዎችን ዜማ በአንድነት ሰምቶ፣ ይህ የክራር ነው፣ ያ የመሰንቆ ነው እያለ እንደ መለየት ያለ ሥራ ነው።

ቀጥሎ መኪናው ሁለት ጥያቄዎችን ለራሱ ያቀርባል። የመጀመሪያው፣ «ይህ ቁራሽ የትኛውን የፊደል ድምፅ ይመስላል?» የሚል ነው። ሁለተኛውም፣ «ከዚህ ቃል ቀጥሎ ዘወትር የሚመጣው ቃል የትኛው ነው?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን በጆሮው፣ ሁለተኛውን ከዚህ በፊት ካነበበው ብዙ ጽሑፍ ባገኘው ልማድ ይመልሳል። የሁለቱም መልስ በሒሳብ ሚዛን ላይ ይወጣና ክብደት ያለው ያሸንፋል። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ የጫጫታው ጉዳት ሁሉ ከዚህ ሚዛን ላይ የሚገኝ ነውና።

እንዲህ ያለው ምኞት ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1952 በአሜሪካ አገር በቤል ቤተ ሙከራ «ኦድሪ» የተባለ መሣሪያ ተሠርቶ፣ በእንግሊዝኛ የሚነገሩትን ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቁጥሮች ለመለየት በቅቶ ነበር። ዳሩ ግን ተናጋሪው በየቃሉ መካከል ዝም ማለት፣ መሣሪያውም ለእርሱ ድምፅ አስቀድሞ መስተካከል ነበረበት። ከዚያ ወዲህ እጅግ ብዙ ተደክሞ፣ ዛሬ መኪናው በጸጥተኛ ክፍል ውስጥ ተረጋግቶ የሚናገረውን ሰው ቃል በጥሩ ሁኔታ ይጽፋል። ችግሩ የሚጀምረው መስኮቱ ሲከፈት ነው።

ጫጫታ ንግግርን በሦስት መንገድ ይበድለዋል። የመጀመሪያው በደል መሸፈን ነው። በንግግራችን ውስጥ አናባቢዎቹ ኀይለኞች ናቸው፤ እንደ «አ» እና እንደ «ኦ» ያሉት ከሩቅ ይሰማሉ። ቃልን ከቃል የሚለዩት ተነባቢዎች ግን ብዙውን ጊዜ አጭርና ደካማ ናቸው። በአማርኛ «ጠ» ከ«ተ»፣ «ቀ» ከ«ከ»፣ «ጨ» ከ«ቸ» የሚለየው ጕሮሮ ተዘግቶ አየሩ በድንገት ሲፈነዳ በሚሰማው እጅግ አጭር ድምፅ ነው። ሞተሩ በዚያች ቅጽበት ካጓራ ያች ምልክት ትጠፋለች፤ «መጣ» እና «መታ» አንድ ይሆናሉ። የመጥበቅና የመላላትም ነገር እንዲሁ ነው። «ይመታል» የሚለው ቃል ሲላላ መቺውን፣ ሲጠብቅ ተመቺውን ያመለክታል። በጽሑፍ አንድ ስለ ሆነ ልዩነቱን የሚነግረን የድምፁ ርዝመት ብቻ ነው። መቺውና ተመቺው ቦታ የሚለዋወጡበት የምስክር ቃል ምን ያህል እንደሚያሰጋ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ሁለተኛው በደል የገደል ማሚቶ ነው። በሰፊ አዳራሽ፣ ግድግዳው ባዶ በሆነ ችሎት ወይም ቢሮ፣ የተናጋሪው ድምፅ ከግድግዳው እየተመለሰ በሚቀጥለው ቃል ላይ ይደረባል። ሦስተኛው ደግሞ ከራሱ ከተናጋሪው የሚመጣ ነው። ኤትየን ሎምባር የተባለ ፈረንሳዊ የጆሮ ሐኪም በ1911 እንደ ገለጠው፣ ሰው በጫጫታ መካከል ሲናገር ሳያውቀው ድምፁን ያጐላል። አነጋገሩም ከተለመደው ይቀጥናል፣ አናባቢውም ይረዝማል። እንግዲህ በጸጥታ የተማረ መኪና በገበያ መካከል የሚሰማው፣ ጫጫታ የተጨመረበትን የቀድሞውን ድምፅ ብቻ ሳይሆን ጭራሹን የተለወጠ አነጋገርን ነው።

የጫጫታውን መጠን ሊቃውንት በዴሲቤል ይለኩታል። የንግግሩ ኀይል ከጫጫታው ኀይል መቶ እጥፍ ሲሆን ልዩነቱ 20 ዴሲቤል ይባላል፤ አሥር እጥፍ ሲሆን 10፣ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ደግሞ ዜሮ ይሆናል። የሰው ጆሮ እኩል በሆኑበትም ቦታ ብዙ ነገር ይሰማል። እንግሊዛዊው ኮሊን ቼሪ በ1953 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ብዙ ድምፅ በሚሰማበት ግብዣ መካከል የአንዱን ንግግር መርጦ ለመከታተል እንዴት እንደሚችል ጠይቆ ነበር። ለሰው ቀላል የሆነው ይህ ነገር ለመኪና እስከ ዛሬ አስቸጋሪ ነው።

ለዚህ በሽታ ሊቃውንቱ ልዩ ልዩ መድኀኒት ፈልገዋል። አንደኛው መቀነስ ነው። ስቲቨን ቦል በ1979 እንዳሳየው፣ ተናጋሪው ዝም ባለበት ጊዜ የጫጫታውን መልክ ለክቶ ከንግግሩ ላይ መቀነስ ይቻላል። ይህ ዘዴ እንደ ወፍጮና እንደ ጄኔሬተር ላለው፣ ሳይለዋወጥ ለሚያጓራ ድምፅ ይረዳል። በየቅጽበቱ ለሚለዋወጠው ለገበያ ሁካታ ግን አቅም ያጥረዋል፤ ከተቀነሰም በኋላ የሚፏጭ ቅሬታ ትቶ ይሄዳል። ሁለተኛው ዘዴ ማይክሮፎኑን ማብዛት ነው። አምላክ ሁለት ጆሮ የሰጠን በከንቱ አይደለም፤ ድምፅ ወደ አንዱ ጆሮ ከሌላው ቀድሞ ስለሚደርስ ከየት እንደ መጣ እናውቃለን። መኪናውም በብዙ ማይክሮፎኖች አማካይነት ይህን ጥቂት የጊዜ ልዩነት ለክቶ፣ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ድምፅ አጕልቶ ከጐን የሚመጣውን ሊያዳክም ይችላል።

ሦስተኛውና ብዙ ፍሬ ያስገኘው ዘዴ ግን መኪናውን በጫጫታ መካከል ማስተማር ነው። በከተማ ያደገ ልጅ በጩኸት መካከል መስማትን እንደሚለምድ ሁሉ፣ መኪናውም ንጹሕ ንግግር ከጫጫታ ጋራ በልዩ ልዩ መጠን እየተቀላቀለ ቢቀርብለት ይለምዳል። በ2000 በአውሮፓ ለተመራማሪዎች ሁሉ የጋራ መፈተኛ እንዲሆን «አውሮራ» የተባለ የድምፅ ስብስብ ተዘጋጅቶ ነበር። በውስጡም የከተማ ባቡር፣ የመኪና፣ የኤግዚቢሽን አዳራሽ፣ የሬስቶራንት፣ የመንገድ፣ የአውሮፕላን ማረፊያና የባቡር ጣቢያ ጫጫታዎች ይገኛሉ።

ይህን ዝርዝር ያነበበ ኢትዮጵያዊ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በክረምት ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ በውስጡ የለም። የሐረጎን ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና ድምፅም፣ የደጋን ወፍጮ ድምፅም በውስጡ የለም። ይህ የአዘጋጆቹ ጥፋት አይደለም፤ እነርሱ የአገራቸውን ጫጫታ ሰበሰቡ። የእኛን የመሰብሰብ ግዴታ የእኛ ነው።

ስለ አማርኛ የተሠራ ሥራ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ሰሎሞን ተፈራ አባተ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ምሁር በጀርመን አገር በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከቮልፍጋንግ ሜንትስልና ከታሪክ ሊቁ ከባይሩ ታፍላ ጋራ ሆነው፣ ሃያ ሰዓት ያህል የሚሆን በአማርኛ የተነበበ ንግግር ሰብስበው በ2005 ለሊቃውንት ጉባኤ አቅርበዋል። አማርኛን ለሚጽፍ መኪና ጥናት መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ማርታ ይፍሩ ታቸበሌም በዚያው ዩኒቨርሲቲ በአማርኛ ቃላት አረባብ ላይ አጥንተዋል። አንድ ግሥ በቅድመ ቅጥያና በድኅረ ቅጥያ እጅግ ብዙ መልክ ስለሚይዝ፣ ይህ ጥናት ለመኪናው የቃላት ልማድ እጅግ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ያ የመጀመሪያው ስብስብ ከጽሑፍ የተነበበ ንግግር ነበር፤ የገበያው ጨዋታ አልነበረም።

በ2014 ደግሞ «ባቤል» በተባለው የአሜሪካ መንግሥት የጥናት ፕሮግራም ሁለት መቶ ሰዓት ያህል የአማርኛ የስልክ ንግግር ተቀድቶ በ2019 ለተመራማሪዎች ታትሞአል። ይህ ስብስብ ከቤትና ከቢሮ ሌላ በጐዳናና በተሽከርካሪ ውስጥ የተደረገ ንግግርን ስለሚጨምር፣ ወደ እውነተኛው ኑሮ ይበልጥ የቀረበ ነው። እንግዲህ መንገዱ ተጀምሮአል ለማለት ይቻላል።

አሁን በልባችሁ እንድትይዙት ወደ ለመንኋችሁ ሚዛን ልመለስ። ጆሮው በጫጫታ ሲደክም፣ መኪናው በሚዛኑ በሌላው ወገን ይደገፋል፤ ይኸውም በልማዱ ነው። ስለዚህ በጫጫታ መካከል ያለ መኪና የተባለውን ሳይሆን የተለመደውን ይጽፋል። በብዙ ጽሑፍ ውስጥ «መጥቶ» ከ«መትቶ» ይልቅ የሚበዛ ከሆነ፣ በእርግጥ የተመታው ሰው አቤት ሲል እንኳ መኪናው «መጥቶ» ብሎ ሊጽፍበት ይችላል። የወሎ ሰው ወዳጁን «አብሽር» ብሎ ሲያጽናናው፣ ይህን ቃል በጋዜጣ አዘውትሮ ያላነበበ መኪና በምትኩ ሌላ የሚያውቀውን ቃል ያስገባል። ስሕተቱ በሁሉም ላይ እኩል አይደርስም፤ ነገሩ ያልተለመደ፣ አነጋገሩ የገጠር፣ ቤቱ መንገድ ዳር የሆነበት ሰው ይበልጥ ይጐዳል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ፣ የተሳሳተው ጽሑፍ በሰዋስው ረገድ ያማረ ስለሚሆን አንባቢው አይጠራጠረውም። በቅርብ ዓመታት ከተሠሩት ኀይለኞች መኪናዎች መካከል፣ ማንም ባልተናገረበት ጸጥታና ጫጫታ ላይ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ፈጥረው የጻፉ ታይተዋል።

ስለዚህ ጫጫታን የሚቋቋም ጸሐፊ መኪና የመጀመሪያ ሙያው ሁሉን መስማት አይደለም፤ ያልሰማውን አልሰማሁም ማለት ነው። ይህም የሚቻል ነገር ነው። መኪናው ለእያንዳንዱ ቃል ምን ያህል እርግጠኛ እንደ ሆነ በቁጥር ማስላት ይችላል። እርግጠኛ ባልሆነበት ቃል ላይ ምልክት እንዲያደርግ፣ ወይም ተናጋሪውን «እባክዎ ይድገሙልኝ» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ የሠሪውና የአሠሪው ፈቃድ ነው። እንግዲህ አሠሪዎቹ እኛ ስንሆን ይህን መጠየቅ ይገባናል።

እስከዚያው ድረስ በእያንዳንዳችን እጅ ያለ ነገር አለ። በመጀመሪያ፣ ማይክሮፎኑን ወደ ተናጋሪው አፍ እናቅርብ። በሜዳ ላይ ማይክሮፎኑ ከአንድ ሜትር ወደ ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር ቢቀርብ፣ የሚደርሰው የንግግሩ ኀይል አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ይህን ያህል ጥቅም ያለ ወጪ የሚሰጥ ዘዴ በሒሳብ ጥበብ ብቻ አይገኝም። ሁለተኛ፣ መኪናው የጻፈውን ቃል ለባለቤቱ አንብበን እናሰማው፤ ሳያረጋግጥም አናስፈርመው። ሦስተኛ፣ ጽሑፉ ተገኘ ብለን ድምፁን አናጥፋ፤ ክርክር ቢነሣ ዳኛው ድምፁ ነውና። አራተኛ፣ አገልግሎቱ ለደጋን ሰው የታሰበ እንደ ሆነ፣ በአዲስ አበባ ጸጥተኛ ክፍል ሳይሆን በደጋን መንገድ ዳር፣ በሰኞ ቀን ይፈተን። ለዚህም የሚያስፈልገው ድምፅ ሲሰበሰብ ባለድምፁ ምክንያቱ ተነግሮት ፈቃዱን ይስጥ።

አሁን የተውሁትን ነገር ልፈጽም። ባልደረባዬና እኔ ቅጂውን ደጋግመን ሰማን፤ የሞተሩንም ድምፅ ለማሳነስ ሞከርን። ነገር ግን በደጋገምን ቍጥር እኔ «መጥቶ»፣ እርሱም «መትቶ» የሚለውን አጥብቀን መስማታችን እየባሰ ሄደ። በመጨረሻም ወደ አዛውንቱ ዘንድ ስልክ ደወልንና «አባባ፣ ያን ጊዜ ሰውዬው መጥቶ ሄደ ነው ያሉን ወይስ መትቶ ሄደ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አዛውንቱም ሲስቁ ተሰማኝ፤ ከዚያም «ልጄ፣ መጥቶ ነው ያልሁህ። መትቶ ቢሆንማ ኖሮ ነገሩ መቼ በሁለት ቀን ያልቅ ነበር? እንኳን ጠየቅኸኝ፤ አብሽር» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፤ ያን ቀን እውነቱን ያገኘነው በጆሮአችን ብርታት አልነበረም፤ በመጠየቃችን ነው። ባልደረባዬ ትሑት ባይሆን ኖሮ፣ ወይም እኔ ችኩል ብሆን ኖሮ፣ ከሁለት አንዳችን የገመትነውን ጽፈን እናልፍ ነበር። መኪናውም እንዲሁ በጫጫታ መካከል እንዲሰማ ስናስተምረው፣ ከመስማቱ ጋራ መጠየቅንም እናስተምረው። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ አንድ ጊዜ በመዝገብ ላይ የሰፈረ የሐሰት ቃል ተመልሶ አይገባም።